ሐሙስ ማታ ወድቆ እሁድ የሚያገለግል፦ ኒክስኦኤስን ሁለት ዓመት ከሠራሁበት በኋላ

ሐዋሳ ውስጥ የሠርግ ቪዲዮ እንሠራለን፤ እኔ፣ ታናሽ ወንድሜና አንድ ረዳት። ቀርጾ በፍላሽ ማስረከብ ብቻ የሚበቃበት ጊዜ አልፏል። ዛሬ የሙሽራው አጎት ጆሃንስበርግ፣ የሙሽሪት እህት ዋሽንግተን፣ የሚዜው ወንድም ዱባይ ናቸው። ደግሞ ማየት ብቻ አይበቃቸውም፤ መመረቅ ይፈልጋሉ። አጎትየው በገዛ ድምፁ «የአብርሃም የሣራ ያድርግላችሁ» ሲል አዳራሹ «አሜን» ማለት አለበት። ስለዚህ በአንድ ወገን ብቻ የሚለቀቅ ሥርጭት አይሆንልንም፤ ዙም ላይ እናገናኛቸዋለን።

ዙም ከእኛ የሚቀበለው አንድ ካሜራ ነው። እኛ ሦስት አሉን፦ ትሪፖድ ላይ የቆመው ዲኤስኤልአር፣ ወንድሜ ይዞት የሚዞረው ቪዲዮ ካሜራ፣ ከላይ ሆኖ ሰዉን የሚያሳይ ስልክ። ሦስቱን ኦቢኤስ በሚባለው የቪዲዮ ማቀላቀያ ፕሮግራም ላይ ቀላቅለን፣ የሙሽሮቹን ስም በአማርኛ ጽፈንበት፣ የወጣውን አንድ ምስል «ይኸው ካሜራ» ብለን ለዙም እንሰጣለን። ሊኑክስ በሚባለው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ላይ ይህን በአካል የሌለ ካሜራ የሚፈጥረው ቪ4ኤል2ሉፕባክ የሚባል የከርነል ሞጁል ነው። ጽሑፌ ኒክስኦኤስ የሚባለው የሊኑክስ ዓይነት ግምገማ ነው፤ የምገመግመው ግን ከአንድ ጥያቄ ተነሥቼ ነው፦ ከከርነሉ ውጭ የተሠራ ሞጁልን እንዴት አድርጎ ይይዛል? ለእኔ ሥራ ሌላው ሁሉ ከዚህ በኋላ የሚመጣ ነው።

ለማያውቀው ባጭሩ ልንገር። ከርነል የሲስተሙ እምብርት ነው፤ ከሃርድዌሩ ጋር የሚነጋገረው እሱ ነው። ሞጁል ደግሞ ሲያስፈልግ የሚገባ፣ ሲበቃ የሚወጣ የከርነል ቁራጭ ነው። አብዛኛው ከከርነሉ ጋር አብሮ ይመጣል። የወንድሜን ካሜራ የምንሰካበት የኤችዲኤምአይ ካፕቸር ካርድ ዩቪሲ በሚባለው ሞጁል ወዲያው ይታወቃል፤ ምንም አይጫንለትም። ቪ4ኤል2ሉፕባክ ግን ከከርነሉ ውጭ፣ በራሱ ሰዎች እጅ ነው የሚኖረው። ውጭ የሚኖር ሞጁል ለእያንዳንዱ የከርነል ስሪት እንደገና መገንባት አለበት፤ ለ6.6 የተገነባው 6.12 ላይ አይገባም። የሊኑክስ ሰዎች የከርነሉ የውስጥ አሠራር ሳይለወጥ ይቆያል ብለው ቃል ገብተው አያውቁም። ከስሪት ስሪት ስም ይለወጣል፣ ፈንክሽን ይቀራል፤ ውጭ ያለው ሞጁል እየተከተለ መስተካከል አለበት።

ጥር 19 ቀን 2016 ዓ.ም. እሁድ ነበር። ያን ጊዜ የምንሠራው በሌላ የሊኑክስ ዓይነት ነው። ቅዳሜ ማታ ላፕቶፑ በራሱ አፕዴት አድርጎ አዲስ ከርነል አስገብቷል። እዚያ ላይ የውጭ ሞጁሎችን የሚገነባው ዲኬኤምኤስ ነው፤ ከርነል በተለወጠ ቁጥር ሞጁሉን እዚያው ማሽኑ ላይ ይሠራዋል። ሐሳቡ ጥሩ ነው። ነገር ግን ሞጁል ለመገንባት የሚያስፈልጉት የአዲሱ ከርነል ሄደር ፋይሎች አብረው አልወረዱም ነበርና ሞጁሉ ሳይገነባ ቀረ፤ አፕዴቱ ግን «አልቋል» ብሎ ተዘጋ። በዚያ ሌሊት ከማሽኑ አንድም ምልክት አላየንም።

ጠዋት 3 ሰዓት ተኩል ላይ አዳራሹ ውስጥ ስከፍተው ካሜራው የለም። ሞድፕሮብ ስለው (ሞጁል የሚያስገባው ትእዛዝ ነው) ሞጁሉ አልተገኘም አለኝ። የሙሽራው አባት መጥተው አጠገቤ ቆሙ። «ልጄ፣ ወንድሜ እኮ መስመር ላይ ሆኖ እየጠበቀ ነው» አሉኝ። «ጋሼ፣ ትንሽ ይታገሡኝ» አልኳቸው። ሄደሩን ለማውረድ የስልኬን ዳታ አገናኘሁ፤ አዳራሹ ውስጥ ኔቱ ይንቀራፈፋል። አሮጌውን ከርነል ከመነሻው ዝርዝር መርጦ ማስነሣት ይቻል ነበር፤ በዚያ ጭንቀት ውስጥ አልመጣልኝም። ካሜራው ሲመለስ 5 ሰዓት ከሩብ ሆኗል፤ ቀለበቱ አልፏል። ጆሃንስበርግ ያለው አጎት የወንድሙ ልጅ ቀለበት ሲያደርግ አላየም። የሥራውን ዋጋ ግማሹን መለስንላቸው። ያቺ ደቂቃ ግን የምትመለስ አይደለችም፤ እስከ ዛሬ ከሆዴ አልወጣችም።

ሁዳዴ ሲገባ ሠርግ ይቆማልና ጊዜ አገኘሁ። ኒክስኦኤስን የጫንኩት ያኔ ነው፤ የ23.11 ስሪት ነበር። ቁጥሩ የወጣበትን ዓመትና ወር ይናገራል፤ በፈረንጆቹ ግንቦትና ኅዳር፣ በዓመት ሁለት ጊዜ አዲስ ይወጣል።

መሠረቱ ኒክስ የሚባለው የፓኬጅ አስተዳዳሪ፣ ማለትም ፕሮግራሞችን የሚጭነውና የሚያነሣው መሣሪያ ነው። ኤልኮ ዶልስትራ ኔዘርላንድስ፣ ዩትሬክት ዩኒቨርሲቲ ሳለ እ.ኤ.አ. በ2003 ጀመረው፤ በ2006 የዶክትሬት ሥራው ሆነ። በዚያው ዓመት አርማይን ሄመል የሚባል ተማሪ ለማስተርስ ጥናቱ በኒክስ ላይ የቆመ ሙሉ ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሞከረ፤ ኒክስኦኤስ ከዚያ መጣ። ይህን የምጠቅሰው ለዝና አይደለም። ሐሳቡ ትናንት የተፈጠረ አለመሆኑ እኔን ልብ ሰጥቶኛል።

ኒክስኦኤስ ላይ «ይህን ጫን፣ ያንን አንሣ» እያላችሁ ትእዛዝ አትደረድሩም። ማሽኑ ምን እንዲሆን እንደምትፈልጉ አንድ ፋይል ላይ ትጽፋላችሁ፦ ይህ ከርነል ይኑር፣ ይህ ሞጁል ይግባ፣ ይህ ፕሮግራም ይኑር፣ የአማርኛ ፊደል ይኑር። ከዚያ «ሪቢልድ» ስትሉት የጻፋችሁትን የሚመስል ሙሉ ሲስተም ይገነባል። የተገነባው እያንዳንዱ ነገር ስቶር በሚባለው ቦታ የራሱ አቃፊ አለው፤ የአቃፊው ስም የሚጀምረው ከምን ከምን እንደተሠራ በሚወስነው ባለ 32 ፊደል መለያ ነው። 6.6 ከነሞጁሎቹ፣ 6.12 ከነሞጁሎቹ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፤ አንዱ ሌላውን አይነካም። እያንዳንዱ ግንባታ «ጀነሬሽን» ይባላል። ማሽኑ ሲነሣ ዝርዝሩ ይመጣል፤ የትናንቱን ብትመርጡ የትናንቱ ከርነል ከትናንቱ ካሜራ ጋር ይነሣል።

ለካሜራው ፋይሌ ላይ ያለው ሦስት መስመር ነው። «ኤክስትራ ሞጁል ፓኬጅስ» በሚለው ሥር ቪ4ኤል2ሉፕባክ እንዲካተት። «ከርነል ሞጁልስ» በሚለው ሥር ማሽኑ ሲነሣ እንዲገባ። «ኤክስትራ ሞድፕሮብ ኮንፊግ» በሚለው ሥር ሦስት ካሜራ እንዲፈጥር፣ ቁጥራቸውም 10፣ 11 እና 12 እንዲሆን። በ10 ዲኤስኤልአሩ በዩኤስቢ ገመድ፣ ጂፎቶ2 እና ኤፍኤፍኤምፔግ በሚባሉ ፕሮግራሞች በኩል ይገባል። በ11 ስልኩ ይገባል። 12 የኦቢኤስ መውጫ ነው፤ ዙም የሚያየው እሱን ነው።

የመጀመሪያውና የሁለተኛው መስመር ልዩነት ብዙ ሰው ያሳስታል። የመጀመሪያው ሞጁሉን ከሌሎቹ ሞጁሎች ጋር ያስቀምጠዋል እንጂ አያስገባውም። የሚሰካ ዕቃ ከሆነ ችግር የለም፤ ዩኤስቢው ሲሰካ መለያ ቁጥሩን ይናገራል፣ ከርነሉም በዚያ ቁጥር ሞጁሉን ራሱ ይጠራዋል። ቪ4ኤል2ሉፕባክ ግን የሚሰካ ዕቃ የለውም፤ የሚጠራው የለም። ስለዚህ በስሙ መጻፍ አለበት።

ሦስተኛው መስመር ላይ «ኤክስክሉሲቭ ካፕስ» የሚባል ምርጫ አለ፤ ለሦስቱም ካሜራ 1 አድርጌዋለሁ። ያለእሱ ካሜራው «ምስል እሰጣለሁም፣ እቀበላለሁም» ብሎ ራሱን ያስተዋውቃል፤ ክሮም ደግሞ እንዲህ ያለውን ካሜራ ከዝርዝሩ ያስወጣዋል። ኦቢኤስ ይሠራል፣ ሞጁሉ ገብቷል፣ ብሮውዘሩ ግን ካሜራ የለም ይላል። ሐዋሳ ውስጥ ይህን ሥራ ከሚሠሩ ልጆች ሁለቱ ያጋጠማቸው ይኸው ነበር፤ ሁለቱም ካሜራው ተበላሸ ብለው ነበር። አንድ ካሜራ ብቻ የሚበቃው ሰው ግን ይህን ሁሉ መጻፍ የለበትም፤ ለኦቢኤስ ቨርቹዋል ካሜራውን የሚያበራ አንድ ምርጫ አለ፣ ሦስቱንም መስመር እሱ ይሞላል።

አሁን ወደወደድኩት ነገር ልምጣ። ሞጁሉን ስትጽፉ «ከየትኛው ከርነል ስብስብ?» የሚል ጥያቄ አለበት። ትክክለኛው መልስ «ይህ ማሽን ከመረጠው ከርነል» የሚለው ነው፤ ከርነሉ ሲለወጥ ሞጁሉም አብሮ ይለወጣል። እኔ መጀመሪያ ላይ ከአጠቃላዩ ስብስብ ነበር የወሰድኩት፤ አዲሱ ላፕቶፕ ላይ ከርነሉን ወደ ቅርብ ጊዜው ሳሳድገው ሁለቱ ተለያዩ። ሌላ ቦታ ቢሆን ይህ የሚታወቀው እሁድ ጠዋት ነው። እዚህ ግን ሁሉንም ሞጁሎች አንድ ላይ የሚሰበስበው ደረጃ የሁለት ከርነል ሞጁል አይቶ «የከርነል ስሪቶቹ አይስማሙም» ብሎ ግንባታውን አቆመ። አዲስ ጀነሬሽን አልተፈጠረም። ማሽኑ እንደነበረ ቀረ፤ እኔም ሱቅ ውስጥ ማኪያቶዬን እየጠጣሁ አስተካከልኩት።

የኒክስኦኤስ ዋጋው ለእኔ እዚህ ላይ ነው። ከርነሉና ሞጁሉ አብረው ይሠራሉ፣ ወይም ሁለቱም አይሠሩም። ግማሹ ሆኖ ግማሹ የቀረበት ማሽን ይዤ አዳራሽ አልሄድም።

አንድ ሳታውቁት የሚያለፋችሁ ነገር አለ። አዲስ ሞጁል ጽፋችሁ «ሪቢልድ ስዊች» ካላችሁ በኋላ ወዲያው ሞድፕሮብ ብትሉ አይገኝም ይላችኋል። ስሕተት አልሠራችሁም። ሞድፕሮብ የሚፈልገው ማሽኑ በተነሣበት ሲስተም ሞጁሎች ውስጥ እንጂ አሁን በተገነባው ውስጥ አይደለም፤ እየሠራ ያለው ከርነል ያኔ የተነሣው ነውና። ሪስታርት አድርጉት። እኔ ይህን ሳላውቅ አንድ ምሽት ሙሉ ፋይሉን ስገለባብጥ አድሬአለሁ። አሁን ሞጁል ስነካ «ስዊች» አልልም፤ «ሪቢልድ ቡት» ብዬ ሪስታርት አደርጋለሁ።

ቪ4ኤል2ሉፕባክ ቀላሉ ነው፤ ኒክስፓኬጅስ በሚባለው ክምችት ውስጥ ከ100,000 በላይ ከሆኑት ፓኬጆች ጋር ተዘጋጅቶ ይገኛል፣ ለተለመዱት ከርነሎችም ተገንብቶ ስለሚጠብቅ ወርዶ ይገባል። ክምችቱ ውስጥ የሌለ ሞጁል ሲሆን ነው ነገሩ የሚከብደው።

እኛ ሁለት አንቴና ያለው የዩኤስቢ ዋይፋይ አለን። በየአዳራሹ የላፕቶፑ የራሱ ዋይፋይ ከሰው ብዛት የተነሣ ይደክማል፤ ይኼኛው ከመድረኩ ጀርባ ካለው ራውተር ጋር ሳይቆረጥ ይቆያል። ድራይቨሩ፣ ማለትም ዕቃውን የሚያሠራው ሞጁል፣ የሚመጣው ገና ባልተገነባ ሶርስ ኮድ ነው። መመሪያው አጭር ነው፦ ለመገንባት ሜክ በል፣ ለመጫን ሜክ ኢንስቶል በል። ኒክስኦኤስ ላይ ሁለቱም አይሠሩም፤ ምክንያቱን መረዳት ደግሞ ሙሉውን ሥርዓት መረዳት ነው።

የድራይቨሩ ሜክፋይል (የግንባታው መመሪያ ፋይል) «ዩኔም» ብሎ ይጠይቃል፤ አሁን የሚሠራው ከርነል ስሪት ስንት ነው? ከዚያ የዚያን ስሪት ፋይሎች የተለመደው ሞጁል ማስቀመጫ አቃፊ ውስጥ ይፈልጋል። መጀመሪያ ነገር ኒክስኦኤስ ላይ ያ አቃፊ የለም። ከዚያ የሚበልጠው ግን ጥያቄው ራሱ የተሳሳተ መሆኑ ነው። እኔ የምፈልገው ሞጁል ዛሬ ለሚሠራው ከርነል አይደለም፤ ሪስታርት ሳደርገው ለሚነሣው ነው። ያ ሰንበት የከሸፈብኝም ዛሬና ነገ ስለተለያዩ ነበር። ኒክስ ላይ ሞጁሉ ከርነሉን ከውጭ ይቀበላል፤ «ለዚህ ተገንባ» ተብሎ ይሰጠዋል፣ ማሽኑን አይጠይቅም።

የጻፍኩት ፋይል ወደ ሠላሳ መስመር ነው። ሶርስ ኮዱ ከየት እንደሚመጣና አሻራው ምን እንደሆነ፤ አንድ ፊደል ቢለወጥ ግንባታው እንዳይቀበለው። የከርነሉ ማጎልበቻ ፋይሎች የት እንዳሉ ለሜክፋይሉ የሚነግር መስመር። ከርነል ለመገንባት የሚያስፈልጉ መሣሪያዎች። የኒክስ ኮምፓይለር በራሱ ከሚጨምራቸው የጥንቃቄ ምርጫዎች ውስጥ «ፒክ» የሚባለው እንዲጠፋ፤ ለከርነል ኮድ አይሆንምና። ሜክ ኢንስቶሉን ትቼ የተሠራውን ሞጁል የራሱ አቃፊ ውስጥ በከርነሉ ስሪት ስም ሥር እንዲቀመጥ አደረግሁ። ከዚያ ዋናው ፋይል ላይ ከቪ4ኤል2ሉፕባክ ጎን ስሙን ጨመርኩ፤ ከርነሉ ውስጥ ያለ ሌላ ሞጁል ያንኑ ዕቃ ቀድሞ እንዳይይዝብኝም በክልከላው ዝርዝር ውስጥ አስገባሁት። ሦስት ምሽት ወሰደብኝ። ከዚያ ወዲህ ግን ሁለት ላፕቶፕ፣ ብዙ ከርነል አልፏል፤ ያቺ ፋይል አንዴ ብቻ ነው የተነካችው።

ያቺ አንዴ በሰኔ 2017 ናት። ጾመ ሐዋርያት ገብቶ ነበር፤ ሙሽሮቹ ወንጌላውያን ስለሆኑ ሠርጉ ሰኔ 15 እሁድ ተቆርጧል። ሐሙስ ማታ፣ ዳታ ርካሽ በሚሆንበት ሰዓት፣ አዲሱን ላፕቶፕ አሳደግሁት። ይኼኛው ላፕቶፕ የቅርብ ጊዜውን ከርነል ይከተላል፤ ነባሪው 6.12 ስክሪኑን በደንብ አያውቀውም ነበርና። የመጣው 6.15 ነው። ቪ4ኤል2ሉፕባክ አለፈ። ዋይፋዩ ላይ ሲደርስ ቀይ ጽሑፍ ወጣና ቆመ፦ «ዴል ታይመር ሲንክ» የሚባል ፈንክሽን አይታወቅም። 6.15 ላይ ያ ስም ቀርቶ «ታይመር ዲሊት ሲንክ» ሆኗል፤ የድራይቨሩ ኮድ የሚጠራው አሮጌውን ስም ነው።

ረዳታችን ልጅ ደነገጠ። «አሁን እሁድን በምን እንሠራለን?» አለኝ። «በትናንቱ» አልኩት። ምክንያቱም ምንም አልሆነም። ግንባታው ስላልተሳካ ማሽኑ ላይ የተለወጠ ነገር የለም፤ ከርነሉ የነበረው ነው፣ ዋይፋዩ የነበረው ነው፣ ካሜራው የነበረው ነው። ላፕቶፑን ዘግቼ ተኛሁ። እሁድ ከጠዋት ጀምሮ ዝናብ ነበር፤ ሐይቁ ዳር የታሰበው የፎቶ ፕሮግራም ወደ አዳራሹ በረንዳ ተዛወረ፤ ሥርጭቱ ግን ከመጀመሪያው መዝሙር እስከ ምርቃቱ አልተቆረጠም። የሙሽሪት አያት ከሆሳዕና መምጣት አልቻሉም ነበር፤ በስልክ ገብተው መረቁ። ሰዉ ሁሉ ቆሞ ነው አሜን ያለው።

ሰኞ አሮጌውን ስም በአዲሱ የሚተካ አንድ መስመር ሠላሳ መስመሩ ላይ ጨመርኩ። አዲሱ ስም 6.12 ላይም ስላለ ያው ማስተካከያ ለአሮጌው ላፕቶፕም ይሠራል። ከሰዓት በኋላ 6.15 ተነሣ። ለዚህ ነው ይህን ሥርዓት የማምነው። ሞጁል ይወድቃል፤ ከርነሉ እስከተለወጠ ድረስ ውጭ ያለ ሞጁል መውደቁ አይቀርም። እዚህ የሚወድቀው ሐሙስ ማታ፣ እኔ ፊት ለፊት፣ ምክንያቱን ጽፎ ነው።

መብራትም አለ። ሐዋሳ ክረምት ላይ መብራት ብልጭ ድርግም ይላል፤ የአሮጌው ላፕቶፕ ባትሪ ደግሞ አሥር ደቂቃ አይቆይም። አንድ ጊዜ ግንባታው መሐል ላይ ጠፋብኝ። ሲመለስ አስነሣሁት፤ የነበረው ሲስተም ነው የተነሣው፣ ግንባታውም የወረደውን ሳይደግም ቀጠለ። አዲሱ ጀነሬሽን ሙሉ ሆኖ ሳያልቅ ወደ ሥራ አይገባም።

ዋጋውን ደግሞ ሳልደብቅ ልናገር። ሶፍትዌሩ ነጻ ነው፤ ዳታው ግን ነጻ አይደለም። አንድ መሠረታዊ ነገር ሲታደስ በእሱ ላይ የቆመው ሁሉ እንደገና ስለሚገነባ ብዙ ጊጋባይት ይወርዳል። እኔ በወር አንድ ጊዜ ብቻ፣ ሌሊት ነው የማሳድገው። አዲሱ ላፕቶፕ ካወረደ በኋላ አሮጌው ከኢንተርኔት አይወስድም፤ በኔትወርክ ገመድ አገናኝቼ የተገነባውን ሲስተም ከአንዱ ወደ ሌላው እገለብጣለሁ። የጋራ የሆነው ሁሉ በዚያ መንገድ ያልፋል፤ ይህ ለእኛ አገር ኔት ትልቅ ነገር ነው፣ በበቂ ሲነገርለት ግን አልሰማሁም።

ቦታም ይበላል። አሮጌ ጀነሬሽኖች እስካልተጠረጉ ድረስ ሁሉም ዲስኩ ላይ ናቸው። በተለይ ማስነሻው ክፍልፋይ ላይ ተጠንቀቁ፤ ሲስተምዲ ቡት የሚባለውን ማስነሻ ፕሮግራም ከተጠቀማችሁ ከርነሉና ሲነሣ የሚያግዘው ኢኒትአርዲ የሚባል ፋይል እዚያ ይገለበጣሉ። የእኔ ከዊንዶውስ የተረፈ 100 ሜጋባይት ብቻ ነበርና ሦስተኛው ከርነል ላይ ሞላ። አሁን 1 ጊጋባይት ነው፤ ዝርዝሩም ከአምስት ጀነሬሽን እንዳይበልጥ ወስኜዋለሁ።

ከሁሉ የሚከብደው ግን ቋንቋው ነው። ኒክስ የራሱ ቋንቋ አለው፤ የማይሠራ መስመር ስትጽፉ የሚመጣው የስሕተት ጽሑፍ ረጅም ነው፣ ጉዳዩ ብዙ ጊዜ መጨረሻው ላይ ነው ያለው። ሰነዶቹ በእንግሊዝኛ ናቸው፤ ስለ ሞጁሎች የሚያወሩት ክፍሎችም አጫጭር ናቸው፣ ብዙውን የተማርኩት ክምችቱ ውስጥ ያሉትን የሌሎች ሞጁሎች ፋይል እየከፈትኩ በማንበብ ነው። ረዳታችን ዋናውን ፋይል አሁን ያነባል፣ መስመር ይጨምራል፤ ሞጁሉን የሚገነባውን ፋይል ግን ገና ነው። ከሌላ ቦታ የወረደ ዝግጁ ፕሮግራምም እንደ ሌላው ሊኑክስ ወዲያው አይሠራም፤ ላይብረሪዎቹን በተለመደው ቦታ ይፈልጋልና። ለቪዲዮ ማረሚያ ፕላጊን ከየቦታው እያወረደ የሚሠራ ሰው ይህ ይመረዋል።

ጉይክስ የሚባል የቅርብ ዘመድ አለው፤ እሱም በመግለጫ የሚሠራ ነው፣ የውጭ ሞጁል የሚጻፍበት ቦታም አለው። ነባሪ ከርነሉ ግን ነጻ ያልሆነ ፈርምዌር (ሃርድዌሩ ራሱ ውስጥ የሚሠራ ሶፍትዌር) የወጣለት ሊኑክስ ሊብሬ ነው፤ የእኛ ዋይፋይ ፈርምዌር ይፈልጋል፣ ስለዚህ አልገፋሁበትም።

ለማን ይሆናል? ላፕቶፑን ለጽሑፍና ለብሮውዘር ብቻ ለሚጠቀም ሰው አልመክርም፤ የሚያገኘው ከሚለፋው ያንሳል። ከከርነሉ ውጭ ባለ ሞጁል እንጀራውን ለሚበላ ግን ያለ ማመንታት እመክራለሁ፤ የሠርግ ሥርጭት ይሁን፣ ልዩ ድራይቨር የሚፈልግ ማሽን ያለው ማተሚያ ቤት ይሁን፣ ብዙ ተመሳሳይ ኮምፒውተር ያለው ማሠልጠኛ ይሁን። ስትጀምሩ ነባሪውን ከርነል ያዙ፤ የቅርብ ጊዜውን የምትከተሉት ሃርድዌሩ ካስገደዳችሁ ብቻ ነው፣ የውጭ ሞጁሎች መጀመሪያ የሚሰበሩት እዚያ ላይ ነውና። የሠርግ ሳምንትም ከሐሙስ በኋላ ምንም አታሳድጉ።

ሐዋሳ ያላችሁና መሞከር የምትፈልጉ ፒያሳ አካባቢ ካለችው ሱቃችን ከሰኞ እስከ ረቡዕ ብቅ በሉ፤ እነዚያ ቀናት ሠርግ የለም። የካሜራውን ሦስት መስመርና የዋይፋዩን ፋይል በፍላሽ እሰጣችኋለሁ። ላፕቶፑን ከነቻርጀሩ ይዛችሁ ከመጣችሁ ደግሞ ሲስተሙን ከእኔ ማሽን በገመድ እንገለብጠዋለን፤ ዳታችሁን አታባክኑ።